በድምፃቸው ለማደር ለሚሹ ወጣቶች
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ፣ ፉከራውን አሰምቶ የሠርጉን ዳስ ያናወጠ ወጣት፣ «ድምፅህ ለራዲዮ የተገባ ነው» መባሉ አይቀርም። ምስጋናው መልካም ነው። ነገር ግን በድምፅ ለማደር፣ ማለትም መጽሐፍ ለመተረክ፣ ማስታወቂያ ለማንበብና የውጭ ፊልም በአማርኛ ለማናገር፣ የጕሮሮ ማማር ብቻ አይበቃም። የሥራው መጀመሪያ አንባቢነት ነው።

ምክንያቱን እንመልከት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «በመንደሩ ሽፍታ ስለ ታየ ልጆቻችሁን ጠብቁ» የሚለውን የጤና ማስታወቂያ፣ «ፍ»ን አላልቶ ያነበበ ሰው የቆዳውን ሕመም ወንበዴ ያደርገዋል። ይህን የሰማች እናት ልጇን ወደ ሐኪም በመውሰድ ፈንታ በሯን ትዘጋለች።

ለዚህ ትምህርት የመንዝ ልጅ ሩቅ መሄድ የለበትም። በቤተ ክርስቲያን ንባብ ቤት ያለፈ ተማሪ፣ ተነሽና ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ እየለየ፣ የግእዙን ቃል የት እንደሚያነሣና የት እንደሚጥል በየኔታ ፊት ሲታረም አድጓል። ይኸው ጆሮ ለአማርኛውም ያገለግለዋል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ በተረኩ ጊዜ፣ አድማጭን የማረከው የድምፃቸው ማማር ብቻ አልነበረም፤ ባላባቱን ከገበሬው፣ ቄሱን ከተማሪው በአነጋገር ለይተው ማሰማታቸው ጭምር እንጂ።

ስለዚህ ጀማሪው በየቀኑ አንድ ገጽ ከፍ ባለ ድምፅ ያንብብ። አስቀድሞ በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ሁለት ነጥብ፣ በሚተነፍስበት ስፍራ አንድ ጭረት ያድርግ። ከዚያም አፉን አንድ ስንዝር ያህል አርቆ በእጅ ስልኩ ይቅረጸው። ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ እንዳያውከውም ዙሪያውን የመንዝ ባና ይስቀል፤ ሱፍ ድምፅን ይውጣልና። የተቀረጸውንም ጽሑፉን ላላየ ሰው አሰምቶ፣ «ምን ተረዳህ?» ብሎ ይጠይቅ። ሰሚው የተሳሳተበት ስፍራ አንባቢው ሊያርመው የሚገባ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ በጀመረ ጊዜ ለዚህ ሙያ ሌላ በር ተከፍቷል። በዚያ ሥራ ደግሞ ቃሉ ከተዋናዩ ከንፈር ጋር እኩል መጀመርና እኩል ማብቃት ይኖርበታል።

ወጣቶች ሆይ፤ በሩቅ መንደር የምታዳምጣችሁ እናት ፊታችሁን አታይም፤ መልሳም ልትጠይቃችሁ አትችልም። በእጇ ያለው የእናንተ ቃል ብቻ ነውና አጥርታችሁ አንብቡላት።