እንግዳ መካሪና የክፍለ ሀገር ሠዓሊ

ከታላላቅ ከተሞች ርቆ ለሚኖር ሠዓሊ ከሁሉ ይልቅ የሚጎድለው ቀለምና ሸራ አይደለም። ቀለም በገንዘብ ይገዛል፤ ሸራም በመርከብ ተጭኖ ይመጣል። የሚጎድለው ሥራውን ከቅርብ ተመልክቶ፥ ሳያባብልና ሳያንቋሽሽ፥ ይህ ያንተ ነው፥ ይህ ግን ከሌላ የተቀዳ ነው ብሎ የሚነግረው ዐዋቂ ዓይን ነው። ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በገበያ ያውቃል፤ አስተዳዳሪም የሥራውን ፍሬ ከሕዝቡ አቤቱታና ምስጋና ይመረምራል። ገበያም ዳኛም በሌለበት ስፍራ የተቀመጠ ሠዓሊ ግን ሥራውን በምን ይመዝነዋል?

ለዚህ ጥያቄ ካናዳ የተባለችው በፌዴሬሽን የተዋቀረች ሰፊ አገር ያገኘችው መልስ ትምህርት ያለው ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

በቶሮንቶ ከተማ «አሥራ አንዱ ሠዓሊያን» የሚባል ማኅበር ነበር። አባሎቹ በአገራቸው ብዙ ገዢ ያልነበረውን ረቂቅ ሥዕል የሚሠሩ ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. ክሌመንት ግሪንበርግ የተባሉትን ስመ ጥሩ ሐያሲ ከኒው ዮርክ አስጠርተው ሥራቸውን እንዲያዩላቸው ተማከሩ፤ የመንገዱንም ወጪ በመዋጮ ቻሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሚባለው ነው። ነገር ግን ከአባሎቹ ሁለቱ፥ ሃሮልድ ታውንና ዋልተር ያርውድ፥ በዚህ ነገር አንገባም ብለው ቀሩ።

እንግዳው ፈቃደኞች ከሆኑት ሠዓሊያን ጋር በየሥራ ክፍላቸው ግማሽ ግማሽ ቀን ዋሉ። ከነዚህ አንዱ ጃክ ቡሽ የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙት ለንግድ ቤቶች የማስታወቂያ ሥዕል በመሥራት ነበር። ግሪንበርግም ትልልቆቹን የዘይት ቀለም ሥዕሎች አይተው የኒው ዮርክ ሠዓሊያን አኳኋን የተቀዳባቸው መሆኑን ነገሯቸው። ትንንሾቹን የውሃ ቀለም ሥዕሎች ባዩ ጊዜ ግን የሠዓሊው እውነተኛ እጅ ያለው በነዚህ መሆኑን ገልጸው፥ በዘይቱም እንደዚሁ በስሱና በቀላሉ እንዲሠሩ መከሯቸው። ሚስተር ቡሽ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ 50 ዓመት የቀረበ ሰው ነበሩ። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለውን ቃል ሰምቶ እንደ ገና መጀመር ቀላል አይደለም። እርሳቸው ግን ጀመሩ። በ1967 ዓ.ም. በብራዚል በሳኦ ፓውሎ በተደረገው ታላቅ የሥዕል ትርኢት ስለ ካናዳ ቀረቡ፤ በ1968 ዓ.ም. የማስታወቂያውን ሥራ ተሰናበቱ። ከዚያች ግማሽ ቀን እስከዚህ ድረስ 11 ዓመት ሙሉ መድከም አስፈልጓል።

ቶሮንቶ ታላቅ ከተማ ናት። ይልቁንም የሚያስደንቀው የስንዴ አገር በሆነው በሳስካቼዋን ክፍለ ሀገር የተደረገው ነው። በዚያ የሬጂና ኮሌጅ መምህራን የሆኑት ኬኔት ሎክሄድና አርተር መኬይ፥ ሠዓሊ ሁሉ ወደ ኒው ዮርክ መሄድ ካልቻለ ዐዋቂውን ወደዚህ እናምጣው ብለው፥ በ1955 ዓ.ም. በኤማ ሐይቅ ዳር በጫካ መካከል የበጋ የሥራ ጉባኤ መሠረቱ። ጉባኤው በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንታት እየተደረገ፥ አንድ እንግዳ መካሪ ከሠዓሊያኑ ጋር አብሮ ይሰነብት ነበር። በ1959 ዓ.ም. የመጡት ባርኔት ኒውማን ናቸው፤ የጠቀሙትም ከሁሉ በላይ በጭውውታቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1961 ዓ.ም. አምስት የሬጂና ሠዓሊያን በኦታዋ ብሔራዊ የሥዕል ቤት ሥራቸውን አሳዩ፤ ስማቸውም በአገሩ ሁሉ ታወቀ።

በ1962 ዓ.ም. ተራው የግሪንበርግ ሆነ። እርሳቸውም የምዕራቡን ሜዳ ሠዓሊያን ሥራ ተመልክተው በ1963 ዓ.ም. በአንድ የካናዳ የጥበብ መጽሔት ሰፊ ጽሑፍ አወጡ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በሎስ አንጀለስ ሙዚየም የ31 ሠዓሊያን ትርኢት ባሰናዱ ጊዜ ሎክሄድን፥ መኬይንና ቡሽን ጨመሯቸው። ሆኖም ከምክራቸው ሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ለወይዘሮ ዶሮቲ ኖውልስ የሰጡት ነው። ዘመኑ ረቂቅ ሥዕል የነገሠበት ስለ ነበረ፥ ሜዳና ዛፍ መሣል ያለፈበት ሥራ ይመስል ነበር። የረቂቅ ሥዕል ጠበቃ የነበሩት ሐያሲ ግን ወይዘሮዋን የአገራቸውን ምድር መሣላቸውን እንዳይተዉ አበረታቷቸው። እርሳቸውም አልተዉትም፤ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ድረስ በሠፊው ሰማይና በወንዙ ዳር ሥዕል የታወቁ ሆኑ።

ነገሩ ሁሉ ግን ትርፍ ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው በብርቱ ድምፅ ሲመክር ብዙዎች ዓይናቸውን ትተው በርሱ ዓይን ማየት ይጀምራሉ። የኒው ዮርክ ተጽዕኖ በክፍለ ሀገሩ ሥዕል ላይ በዝቷል የሚል ወቀሳም ተነሥቷል። ደግሞም መታወቅ መንገድ ይከፍታል፤ መንገድም ያወጣል። ሎክሄድ በ1964 ዓ.ም. ወደ ማኒቶባ፥ ከአምስቱ አንዱ የነበሩት ሮናልድ ብሉር በ1966 ዓ.ም. ወደ ቶሮንቶ ሄዱ። እንግዲህ እምቢ ያሉት ታውንና ያርውድ ፈጽመው ተሳስተዋል ለማለት አይቻልም።

ክፍለ ሀገሩ ሠዓሊያን ሲወጡበት ባዶ እንዳይቀር ያደረገው አስቀድሞ የተሠራው መሠረት ነው። በሳስካቼዋን በ1948 ዓ.ም. መንግሥቱ የኪነ ጥበብ ቦርድ አቋቁሞ ነበር፤ ይህም በሰሜን አሜሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው። ቦርዱ የአገሩን ሠዓሊያን ሥራ እየገዛ ለሕዝብ ያስቀምጥ ነበር። ኖርማን ማኬንዚ የተባሉ ጠበቃ በሕይወታቸው የሰበሰቧቸውን ሥዕሎች ለኮሌጁ በኑዛዜ ስለ ተዉ፥ በ1953 ዓ.ም. በሬጂና በስማቸው የሥዕል ቤት ተከፈተ። በሳስካቱን ከተማ ደግሞ የሥጋ ነጋዴ የነበሩት ፍሬድ ሜንደል ለከተማው የሥዕል ቤት ገንዘብ ሰጥተው በ1964 ዓ.ም. ተመረቀ። ያ ቤት በ2015 ዓ.ም. ቢዘጋም ሥዕሎቹ በ2017 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ሰፊ ሙዚየም ተዛውረዋል።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። እንግዳ ዐዋቂን መጥራት መልካም ነው፤ ነገር ግን እንግዳው ሲሄድ የሚቀረው አዳራሹ፥ ገዢውና የሥዕሉ ጠባቂ ነው። አስተዳዳሪ አዳራሹን ቢያሰናዳ፥ ነጋዴም ከትርፉ ቈንጥሮ አንድ ሥዕል ቢገዛ፥ የእንግዳው ምክር የሚበቅልበት አፈር ያገኛል። ያለዚያ ግን ምክሩ ሠዓሊውን ወደ ሩቅ አገር የሚያሳፍር ቲኬት ብቻ ይሆናል።

ሠዓሊውም ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። አንደኛው እንደ ቡሽ ደፍሮ በሩን መክፈትና እውነቱን መስማት ነው። ሁለተኛው እንደ ወይዘሮ ኖውልስ የራሱን መሬት አለመልቀቅ ነው። መካሪ ያያል፤ መንገድም ያመለክታል። ብሩሹ ግን የሚቀረው በሠዓሊው እጅ ነው።