ከጉና ማዶ ያለው ሰርቨር

«አባቴ፣ ዛሬ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ።» ነፋስ መውጫም ሆነ አርብ ገበያ፣ ወገዳም ሆነ መካነ ኢየሱስ፣ መስኮት ላይ ቆሞ ይህን ያልሰማ ባለጉዳይ ያለ አይመስለኝም። ከሲማዳ ቆላ ሌሊት ተነስቶ ሽቅብ ለወጣ ገበሬ «ነገ» ማለት በዘመድ ቤት ማደር ነው፤ ሌላ የእርሻ ቀንም ባከነ ማለት ነው። «ሲስተም» የሚባለው አንዳንዴ የስልክ መስመሩ ነው። አንዳንዴ ግን እዚያው ክፍል ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ የለበሰ ሰርቨር ነው። ጨርቁን ያለበሱት አስበውለት ነው፤ ማሽኑ ግን ይታፈናል።

የወረዳ ሥራ ወደ ኮምፒውተር መግባት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት 600 ያህል ወረዳዎችን በሳተላይት ዲሽ ከአዲስ አበባ ጋር ሊያገናኝ ተነሳ። በዚያው ሰሞን ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። የወረዳውን በጀትና ወጪ የሚይዘው አይቤክስ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ደረሰ፤ በ2010 ደግሞ ጤና ሚኒስቴር ዲኤችአይኤስ ቱ የተባለውን የመረጃ ሥርዓት አስፋፋ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ አሁንም ትልቅ ነው። ስህተቱ ሥራውን ሁሉ ከአንድ ብረት፣ ከአንድ ማሽን ጋር ማሰራችን ነው፤ ብረቱ ሲሞት ሥራው አብሮ ይሞታል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሰርቨሩ ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ። ሃርድ ዲስኮቹ ደህና ነበሩ። አውጥተን ሌላ ማሽን ላይ ብንሰካቸው ግን አልተነሱም፤ ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ካርድ ሌላ ዓይነት ነበርና ሊያነባቸው አልቻለም። ያው ዓይነት ማሽን እስኪገኝ ሦስት ሳምንት በእጅ መዝገብ ተሠራ። መረጃው እጃችን ላይ እያለ ልናየው አልቻልንም።

ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ማሽን፣ የሚፈታው ይህንን ችግር ነው። አንድ ግቢ ውስጥ የተከራዩ ቤተሰቦችን አስቡ፤ ውሃና መብራቱ የጋራ ነው፣ በሩ ግን የየራሳቸው። አንዱ ሰርቨር ላይ የሂሳቡ ማሽን፣ የጤናው ማሽን፣ የሰነዱ ማሽን ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን አያቆምም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ እያንዳንዱ ማሽን ፋይል መሆኑ ነው። ፋይል ይገለበጣል፣ በኪስ ዲስክ ተይዞ ደብረ ታቦር ይደርሳል፣ ሌላ ዓይነት ብረት ላይም ይነሳል። ጥበቡ አዲስ አይደለም፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1972 ለደንበኞቹ አቅርቦት ነበር።

ብረቱ ግን ለቦታው መገጠም አለበት፤ እዚህ ላይ ነፋስ መውጫ ያለችበት ጋይንት ከአዲስ አበባም ይለያል። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የታወቁት የሰርቨር አምራቾች በመግለጫቸው የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3,050 ሜትር ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ማራገቢያው እኩል እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የጉና ተራራ ብርድ ጥቂቱን ያካክሳል። ሃርድ ዲስክን ግን ብርዱ አይረዳውም። የዲስኩ ማንበቢያ ጭንቅላት በጥቂት ናኖሜትር ርቀት በአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል፤ አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይሳሳል፣ ጭንቅላቱም ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ስለዚህ ለነፋስ መውጫ የሚገጠም ሰርቨር የሚሽከረከር ዲስክ ባይኖረው፣ በምትኩ ኤስኤስዲ ቢገጠምለት ይመረጣል። ሲማዳ ወደ አባይና በሽሎ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ጠላቱ ሙቀትና አቧራ ነው። ለሁሉም ወረዳ አንድ ዓይነት ማሽን በጅምላ መግዛት ለደጋውም ለቆላውም የማይሆን ልብስ መስፋት ነው።

መብራቱም በሒሳብ ይታይ። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 2.4 ኪሎዋት-ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፣ ኢንቨርተሩ የሚበላውም ቢቀነስ፣ አንድ ኪሎዋት-ሰዓት ይተርፈናል። 250 ዋት የሚወስድ ትልቅ ሰርቨር በዚህ 4 ሰዓት ይሠራል፤ 50 ዋት የሚወስድ ታስቦበት የተገጣጠመ ትንሽ ማሽን ግን 20 ሰዓት። ትንሹ ማሽን በቂ ራም ከተሰጠው የወረዳውን አራት አምስት ቨርቹዋል ማሽኖች ይሸከማል።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ሁለት ነገር በአንድ ዓመት ተደራረበ። ኅዳር 2016 ላይ ብሮድኮም ቪኤምዌርን ገዛ፤ ብዙም ሳይቆይ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚሠራውን ፈቃድ ትቶ በየጊዜው የሚከፈል አደረገው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር በገበያ እንዲመራ ተወሰነ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዶላር ኪራይ የሚከፈልበት ሶፍትዌር ለወረዳ በጀት አይሆንም። ሊኑክስ ውስጥ ያለው ኬቪኤምና በእርሱ ላይ የተሠራው ፕሮክስሞክስ ያለ ፈቃድ ክፍያ ይሠራሉ፤ ለእኔ ምርጫው ግልጽ ነው።

ሁሉንም ክላውድ ላይ እናስቀምጥ የሚሉ አሉ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 2013 ላይ፣ የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ገብቶ ሆስፒታሉ ተዘርፏል። የመጀመሪያው ሥራው እዚያው ወረዳው ላይ መቆም እንዳለበት ያሳያል፤ ሁለተኛው ቅጂው ሌላ ከተማ መቀመጥ እንዳለበት። ሁለቱም ያስፈልጋል። ብዙ ሥራ አንድ ሰርቨር ላይ ሲጫን አደጋውም አንድ ቦታ ይከማቻልና ሁለተኛ ማሽን የሌለበት ወረዳ ይህን አሠራር ባይጀምር እመርጣለሁ።

ሠሪዎቹን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየወረዳው ከቴክኒክና ሙያ ሃርድዌርና ኔትወርክ ተምረው ወጥተው ስልክ የሚጠግኑ ልጆች አሉ። አንድ ቨርቹዋል ማሽን ይሰጣቸው፤ ያፍርሱት፣ ቀድሞ የተቀመጠውን ሁኔታ (ስናፕሾቱን) መልሰው ያስነሱት፣ ደግመው ያፍርሱት፤ በዚህ መንገድ የሚበላሽ ብረት የለም። የግዥ ክፍሉም በቀጣዩ የጨረታ ሰነድ ላይ ከብራንዱ ስም በፊት ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ማሽኑ የሚቀመጥበት ከፍታ፣ በባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ሲሰበር ሥራው በስንት ሰዓት ሌላ ማሽን ላይ እንደሚነሳ።