የአፍላ ዕድሜ ዘፈንና ትዝታ፦ ከዳንግላ የካሴት ዘመን አንጻር



ሰው ዕድሜው አርባን ሲሻገር «የዛሬ ዘፈን ደግሞ ዘፈን ነው እንዴ?» ማለት ይጀምራል። ይህን ሲል የሚነግረን ስለ ዘፈኑ ነው ወይስ ስለ ራሱ? የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ለዚህ ጥያቄ የሚረባ መልስ አላቸው። ይሁን እንጂ መልሱ የተገኘው ሸክላና ሬዲዮ በየቤቱ ሞልቶ በተረፈበት አገር ነው። እኔ ያደግሁት ዳንግላ፣ አፍላ ዕድሜዬም 1980ዎቹ ላይ ስለሆነ፣ መልሱን እዚህ አምጥቼ ልፈትነው እወዳለሁ።

በቃሉ ልጀምር። «ኖስታልጂያ» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1688 ባዝል ላይ ባቀረበው የሕክምና ጽሑፍ ያወጣው ዮሐንስ ሆፈር ነው፤ «ወደ ቤት መመለስ» እና «ሕመም» የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት አጣምሮ ከአገራቸው የራቁ ሰዎችን የሚጥል በሽታ ሰየመበት። የእኛ «ትዝታ» ግን በሽታ አይደለም። ያለፈውን ማስታወስ ነው፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከሚቆጠሩት አራት ቅኝቶች አንዱ ነው፤ በቅኝቱ የሚዜመውም ዘፈን ትዝታ ይባላል። ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገሮች በቀላሉ ይምታቱብናል። የትዝታ ዘፈን ከመጀመሪያውኑ ናፍቆትን ሊያነሣ የተሠራ ነው። እኔ ዛሬ የምናገርለት ናፍቆት ግን በማንኛውም ዘፈን ላይ ይለጠፋል፤ ለሠርግ ጭፈራ በተሠራ ዘፈን ላይ እንኳ።

ወደ ጥናቱ ልለፍ። ዴቪድ ሩቢንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳዩት፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሕይወታቸውን እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ባለው ጊዜ የሆነው ነገር ከሚጠበቀው በላይ ይበዛል። በሥዕል ሲነሣ መስመሩ እዚያ ላይ ጉብ ስለሚል «የትውስታ ጉብታ» ልንለው እንችላለን። ሆልብሩክና ሺንድለር ደግሞ በ1989 ለ108 ሰዎች ከ1932 እስከ 1986 የወጡ 28 ዝነኛ ዘፈኖችን አሰምተው ነበር። ሰዎቹ በአማካይ አብልጠው የወደዱት ዕድሜያቸው ወደ 24 ሲጠጋ የወጡትን ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ላይ ስምምነት የለም። አንዳንዶች የመጀመሪያ ጊዜ ገጠመኞች ስለሚበዙ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ሰው ማንነቱን የሚያበጅበት ዕድሜ ስለሆነ ነው ይላሉ፤ መደጋገሙንም ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም።

እንግዲህ ስሌቱን ልብ በሉ። ዘፈኑ የወጣበት ዓመት ተወስዶ የሰሚው የልደት ዓመት ይቀነሳል። ይህ ስሌት ዳንግላ ላይ አይሠራም።

ለምን ቢባል፣ ዘፈን ወደ እኛ ይደርስ የነበረው በወጣበት ዓመት አልነበረም። ዐምሐ እሸቴ ዐምሐ ሪከርድስን በ1969 አቋቁሞ የአዲስ አበባን ድምፅ በሸክላ ሲያወጣ፣ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤት በአውራጃ ከተማ በጣት የሚቆጠር ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊው የዋና ከተማውን የሌሊት ጭፈራ አቀዘቀዘው፤ ካሴት ደግሞ ሸክላን ተካ። ካሴት ርካሽ ነው፤ ይገለበጣል፤ በኪስ ይገባል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ዳንግላን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ የአውቶቡስ ሾፌር ለእኛ ጣቢያም ነበር፣ አከፋፋይም ነበር። እርሱ የጣለውን እኛ እናነሣለን። የተገለበጠው እንደገና ይገለበጣል፤ በእያንዳንዱ ቅጂ ድምፁ እየደፈነ፣ ሹክሹክታው እየበዛ ይሄዳል። በሽፋኑ ላይ በእስክርቢቶ የዘፋኙ ስም ይጻፋል፤ ዓመተ ምሕረት ግን ማንም አይጽፍም። ስለዚህ የጥላሁን ገሠሠ የቆየ ዘፈን፣ የማሕሙድ አሕመድ፣ የኤፍሬም ታምሩና የነዋይ ደበበ ዘፈን ለእኛ የአንድ ሰሞን እኩዮች ነበሩ።

የባትሪ ድንጋይ ውድ ነበር። ለማጠንጠን ድንጋይ እንዳይባክን የካሴቱን ጥርስ በእስክርቢቶ እናሽከረክር ነበር። ያለን ካሴት ጥቂት ስለሆነ የምንሰማው ያንኑ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ መደጋገሙ ከየትኛውም ምክንያት ይበልጥ ያስረዳል፤ ዛሬ በስልኩ ሺህ ዘፈን የያዘ ወጣት አንዱን ዘፈን ያን ያህል ጊዜ የመስማት ግዴታ የለበትም። (የዛሬ ወጣት ናፍቆት ምን እንደሚመስል ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ይናገርበት።)

ሌላም አለ። ክሩምሃንስልና ዙፕኒክ በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው ወጣቶች በወላጆቻቸው የወጣትነት ዘመን ዘፈኖችም ላይ ጉብታ አሳይተዋል። አንድ ቴፕ ለአንድ ቤተሰብ በሆነበት፣ የጆሮ ማዳመጫም ባልነበረበት ቤት አያት፣ አባትና ልጅ አንዱን ካሴት አብረው ይሰማሉ። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ይህ ቅብብሎሽ የበለጠ ጠንክሮ ይገኛል ብዬ እገምታለሁ፤ ግምት ነው፣ ልትፈትኑት ትችላላችሁ።

«የድሮ ዘፈን ይበልጣል» የሚለው ፍርድ ግን አይዋጥልኝም። የእኛ ዘመን መናኛ ዘፈን ማንም ስላላስገለበጠው ጠፍቷል፤ የተረፈውን ምርጥ ይዘን ዛሬ በየቀኑ ከሚወጣው ሁሉ ጋር ማወዳደር ሚዛኑን ማዛባት ነው።

አሁን ከባዱ ላይ ደርሻለሁ። በዚህ ዞን ብዙ ቤት ውስጥ የሚነገረው አዊኛ ነው፤ በሠርግ፣ በደቦ፣ በፈረሰኞች በዓል የሚዘፈነውም በአብዛኛው በእርሱ ነበር። ካሴቱ ግን አማርኛ ነበር። አፍላ ዕድሜያችንን ስንናፍቅ ወደ አፋችን የሚመጣው ካሴቱ የደጋገመልን ነው እንጂ አክስቶቻችን በሠርግ ያወጡት ዜማ አይደለም፤ እርሱ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሚሰማ፣ ገልብጦ የሚያስቀምጠውም ስላልነበረ ነው። ናፍቆት እውነተኛ ስሜት ነው፤ ነገር ግን የሚናፍቀውን የሚመርጥለት ገበያው ነው። ከእኛው ከቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው በ2001 «ጂጂ» በተሰኘው አልበሟ ከሄርቢ ሃንኮክና ከዌይን ሾርተር ጋር ለዓለም ስትሰማ፣ የአካባቢውን ዜማ በሩቅ አገር ስቱዲዮ ውስጥ ማግኘታችን ያስደሰተንም ያስገረመንም ለዚህ ይመስለኛል።

ሸክላው ዘመን «ኢትዮፒክስ» በተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተመልሶ ወጥቷል። የካሴት ዘመን፣ በተለይም የክፍለ ሀገር ቅጂዎች፣ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማቸውም። የካሴት ክር ማግኔታዊ ዱቄት በፕላስቲክ ላይ የተጣበቀበት ነው፤ እርጥበት ማጣበቂያውን ያላላዋል፣ ሻጋታ ያበቅላል። ዳንግላ ደግሞ ክረምቷ የታወቀ ነው። በየቁም ሣጥኑ ካሉት ካሴቶች መካከል፣ በዘፋኝ ስም ተጽፎበት ጀርባው ላይ የሠርግ ድምፅ የተቀዳበት እንደማይጠፋ ርግጠኛ ነኝ። የአዊኛው ዜማ የተረፈ እንደሆነ የተረፈው እዚያ ነው።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ከቤታችሁ ጀምሩ። ሰዎችን ስትጠይቁ «ዘፈኑ መቼ ወጣ?» አትበሉ፤ «መጀመሪያ የት ሰማኸው? ካሴቱ የማን ነበር? ማን ገለበጠልሽ?» በሉ፤ ዕድሜያቸውንም መዝግቡ። ሁለቱንም ጀርባ እስከ መጨረሻው ስሙ፤ ባዶ ከመሰላችሁ በኋላም ቴፑን አታጥፉ። ሻጋታ ያየችሁበትን ካሴት ግን ሳይጸዳ ማጫወቻ ውስጥ አታስገቡ፤ ክሩን ይጎዳል፣ ሻጋታውም ወደሚቀጥለው ካሴት ይተላለፋል።