የመጀመሪያው ዘነዘና

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚሄደው አስፋልት ሐይቅ ከተማን አልፎ ውጫሌ ይደርሳል። የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ውጫሌ የምትታወቀው በ1881 ዓ.ም. በተፈረመውና 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ በተገኘው ውል ነው። ጣልያን ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ የመሣሪያው ስም ግን በእንጨት ቤታችን ቀረ። መንከሻውን ሞርሳ፣ መብሻውን ትራፓኖ፣ የመጋዙን ብናኝ ሰጋቱራ እንላለን። እንጨት እያሽከረከረ ክብ የሚያወጣውንም ማሽን ቶርኖ እንለዋለን።

ቶርኖን ላላየ ሰው እንዝርት ማሰብ ይበቃዋል። በሌላው የእንጨት ሥራ እንጨቱ ተይዞ ይቆማል፣ መጋዙና መላጊያው ይመላለሳል። በቶርኖ ግን መሮው ማሳረፊያው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል፣ እንጨቱ እንደ እንዝርት እየሾረ ይመጣለታል። የአልጋ እግር፣ የደረጃ ድጋፍ፣ የወንበር አግዳሚ እንዲያ ድብልብል ብሎ የሚወጣው በዚህ ነው።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚመኘው ጎድጓዳ ሳህን ነው። እኔ ግን በዘነዘና ጀምሩ እላለሁ። በዘነዘና የእንጨቱ ቃጫ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቁመት ስለሚሄድ መሮው ጎን ጎኑን እየላጠ በሰላም ያልፋል። በሳህን ላይ ቃጫው አግድም ስለሆነ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ፊት ለፊት ይመጣል፤ እጁ ያልበሰለ ሰው መሮው ተነክሶ ሲወረወርበት ይደነግጣል፣ ሊጎዳም ይችላል። ደግሞም ቡና በማይጠፋበት ቤት ዘነዘና ሥራ አይፈታም።

እንጨቱ ወይራ ቢሆን እመርጣለሁ። ጠንካራ ነው፣ ቃጫው ደቃቅ ነው፣ ከመሮው ሲወጣ ራሱ ያብለጨልጫል። ለዚህ ብሎ ግን ዛፍ የሚጥል ሰው አይኑር። በየደብሩ ቅጥር የቆመውን ማንም አይነካውም፤ ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶን ከተፈጥሮ ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥም በሕግ የተከለከለ ነው። ከፈረሰ ቤት የተረፈ ወጋግራ ወይም ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ ይበቃል። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ በመጥረቢያ ፍለጡትና የመሃሉን ልብ ያልያዘውን ፍልጥ ውሰዱ፤ ልቡ ያለበት እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እርጥብ ከሆነ ሁለቱን ጫፎች የቀለጠ ሰም ቀብታችሁ ጥላ ውስጥ አቆዩት።

ከዚያ መሃሉን በመስመር አግኙ፣ ማዕዘኑን በመጥረቢያ አንሱ፣ በቶርኖው ሁለት ሹሎች መካከል እሰሩት። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት እንጨቱን በእጅ አንድ ዙር አዙሩት፤ ማሳረፊያውን ከነካ ገና ነው። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሰፊ እጅጌና ጓንት ቶርኖ አጠገብ አይደርሱም፤ ጨርቁን ከያዘ እጁን ይዞ ይሄዳል። ፊታችሁን ሸፍኑ፣ ሲነሳ ወደ ጎን ቁሙ። ለ6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በደቂቃ 1000 ዙር ለመነሻ ይበቃል።

አሁን የመሮውን ስለት አትስደዱ። መጀመሪያ ከስለቱ ጀርባ ያለው ተረከዝ እንጨቱን ይንካ። ይታከካል እንጂ አይቆርጥም። ከዚያ የኋላ እጃችሁ እጀታውን በጣም ቀስ ብሎ ያንሳ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ፍቅፋቂው እንደ ክር እየተጠቀለለ መውጣት ይጀምራል። ቧ ቧ ይል የነበረው የማዕዘኑ ድምፅ እየሳሳ ወደ አንድ ወጥ እምታ ሲለወጥ እንጨቱ ክብ ሆኗል ማለት ነው። ያን ድምፅ በጆሮ መለየት ከተማሩ ሌላው በልምድ ይመጣል።

መብራት ለማይደርስበት ቤትም መንገድ አለ። ከ2300 ዓመት በፊት በተሠራው የግብፃዊው ጴጦሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ አንዱ ሰው እንጨቱን በገመድ ሲያዞር ሌላው መሮ ይዞ ተቀርጿል። በኋላ የመጣው የእግር ቶርኖ ደግሞ ከአንድ ሰው በላይ አይፈልግም። ከራስ በላይ ቀጭን ባህር ዛፍ እንደ ደጋን ይታሰራል፤ ከጫፉ የወረደው ገመድ እንጨቱን አንድ ዙር ጠምጥሞ ከታች ካለው መርገጫ ጋር ይያያዛል። ሲረግጡት እንጨቱ ይዞራል፣ ሲለቁት ባህር ዛፉ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። መቁረጥ የሚቻለው ሲረገጥ ብቻ ነው። የሸማኔን እግር ያየ ሰው ምቱን ቶሎ ይይዘዋል። አምባሰል ባህር ዛፍ አላጣም፤ ይህን የሚሞክር ወጣት ባይ ደስታዬ ወደር የለውም።

ዘነዘና የሚበላና የሚጠጣ ነገር ስለሚነካ ቫርኒሽ አይቀባም፤ ይላላጣል። የተልባ ዘይት በስሱ ተቀብቶ ሳምንታት ሲቆይ በእንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉት፤ ዘይቱ ሲደርቅ ስለሚሞቅ ራሱን በራሱ ያነዳል። ዘርግታችሁ ውጭ አስጡት።

የመጀመሪያውን ዘነዘናዬን ለእናቴ ስሰጣት በብርጭቆ ወረቀት መስታወት አስመስዬው ነበር። ሁለት ጊዜ ሙቀጫው ላይ ጣል አደረገችውና «ልጄ፣ እጄ አይዘጋበትም፤ ደግሞም ያዳልጣል» ብላ መለሰችልኝ። ደግነቱ የሁለቱን ጫፎች የመሃል ቀዳዳ ገና አላጠፋሁም ነበር። መልሼ አሰርኩት፣ መያዣውን በአንድ ሳንቲ ሜትር አሳሳሁት፣ ጣት የሚያርፍባቸው ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች አወጣሁበት። ጫፎቹን የቆረጥኳቸው የዚያን ዕለቱን ቡና ከወቀጠችበት በኋላ ነው።