እሳት፣ ውሃና ነፋስ በኮፈን ሥር፤ አሮጌ መኪናን በኤሌትሪክ ማራገቢያ ስለ ማደስ

የቀደሙት ሊቃውንት የሥነ ፍጥረትን ነገር በአክሲማሮስ ትምህርት ሲያመሠጥሩ፣ እሳትና ውሃ በባሕርያቸው የማይስማሙ ጠላቶች ሲሆኑ፣ ነፋስ ግን በሙቀቱ ለእሳት፣ በርጥበቱ ለውሃ ስለሚዛመድ በመካከላቸው ገብቶ ያስታርቃቸዋል ይላሉ። ይኸው ዕርቅ በመኪና ኮፈን ሥር በብረት ታጥሮ ይገኛል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚን ሲነድ የሚወለደው እሳት ብረቱን እንዳያጠፋው ውሃ በዙሪያው እየተመላለሰ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ውሃውም በተራው እንዳይፈላ፣ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ ነፋስ ይቀበለዋል። ከሚነደው ቤንዚን ሙቀት ሢሶ ያህሉ የሚወጣው በዚህ በውሃው መንገድ ስለሆነ፣ ነፋሱን የሚስበው ማራገቢያ ለዓይን ታናሽ ዕቃ ቢመስልም የሞተሩን ዕድሜ ጠባቂ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ከላዳ የተሻለ መኪና አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1966 የጣልያኑ ፊያት ከሶቪየት መንግሥት ጋራ በተዋዋለው መሠረት፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር በጣልያናዊው ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመችው ከተማ ታላቅ ፋብሪካ ተተክሎ፣ በ1970 ፊያት 124ን መሠረት ያደረገች መኪና ማውጣት ጀመረ፤ ይህችም ላዳ ተብላ በዘመነ ደርግ ወደ አገራችን ገብታ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ፣ የአዲስ አበባን ሕዝብ ለብዙ ዘመን ያመላለሰች ናት። በዚያች በመጀመሪያዪቱ ላዳ ላይ ማራገቢያው ከውሃው ፓምፕ ጋራ በአንድ ዘንግ ላይ ተቀምጦ፣ ሞተሩ በሚያዞረው ቺንጋ ይዞራል። ሥራው ቀላል፣ ብልሽቱም ጥቂት ነው፤ ቺንጋው እስካልተበጠሰ ድረስ ማራገቢያው አያርፍም።

ጉድለቱም ከዚሁ ካለማረፉ የሚመጣ ነው። ማራገቢያው የሚታዘዘው ለሞተሩ ፍጥነት እንጂ ለውሃው ሙቀት ስላልሆነ፣ ነፋስ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ይኸውም መኪናው በመርካቶ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ብቻ በሚዞርበት ጊዜ፣ ማራገቢያውም አብሮ ያንቀላፋል፤ መኪናው በአዋሽ መንገድ ላይ ሲገሠግሥና የመንገዱ ነፋስ ብቻውን ራዲያተሩን ለማቀዝቀዝ ሲበቃ ግን ያለ ፍሬ እየጮኸ ይዞራል። በዚህ ላይ ማራገቢያ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋራ እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን የሚወስደው ኃይል ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከ800 ወደ 4000 ዙር በተሸጋገረ ጊዜ በሕጉ መሠረት 125 እጥፍ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ቤንዚኑ ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ ለማንኛውም ራዲያተር ከባድ ፈተና ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ያው ማራገቢያ ያንኑ ያህል ቢዞር እንኳ ሙቀቱን የሚሸከመው አየር ያነሰ ነው። በዚህ ከፍታ በግልጽ ድስት የተጣደ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩን የሚያድነው የክዳኑ ግፊት ነው፤ ክዳኑ 0.9 ባር የሚይዝ ቢሆን ውሃው እስከ 115 ዲግሪ ግድም ሳይፈላ ይታገሣል፤ የክዳኑ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ያ ሁሉ ትዕግሥት ይጠፋና፣ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚወጣው ታክሲ መንገድ ዳር ቆሞ እንፋሎቱን ሲተፋ ይታያል። አንድ ጊዜ ክፉኛ ያፈላ ሞተር የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊቃጠል፣ ቴስታታውም ሊጣመም ይችላልና፣ የዚህ ወጪ ለአንድ ባለታክሲ የብዙ ወራት እንጀራ ነው።

መሐንዲሶች በቺንጋ የሚዞረውን ማራገቢያ ጉድለት ቀድመው አውቀውታል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ፔዦ 404 ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ከዘንጉ ተላቆ የሚያርፍ፣ ሲሞቅ ግን በማግኔት ኃይል ተይዞ የሚዞር ማራገቢያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የዳንቴ ጃኮሳ ሥራ ፊያት 128 ደግሞ ሞተሩ ወደ ጎን ተጋድሞ ስለተቀመጠ የሞተሩ ዘንግ ወደ ራዲያተሩ ስላልዞረ፣ ማራገቢያው የራሱ የኤሌትሪክ ሞተር እንዲኖረው ግድ ሆነ። ሞተር አጋድሞ መሥራት በዓለም በተስፋፋ ጊዜ የኤሌትሪክ ማራገቢያም አብሮ ተስፋፋ። የላዳ ፋብሪካም ራሱ ከኋላ በመጡት 2105 እና 2107 በተባሉት ሞዴሎች ከፊሎቹ ላይ በኤሌትሪክ የሚዞረውን አደረገ፤ ስለዚህ አሮጌዪቱን ላዳ ለማደስ የሚሻ ሰው የባዕድ ዕቃ መፈለግ ሳያሻው ከታናሽ እኅቷ የወለቀውን በመኪና ዕቃ ገበያው በሶማሌ ተራ መጠየቅ ይችላል።

የአሠራሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። ከራዲያተሩ የታችኛው ጋን ላይ ሙቀት የሚሰማው ማብሪያ በብሎን ይታሰራል፤ ለላዳ የተሠራው የታወቀው ማብሪያ በ92 ዲግሪ ያበራል፣ ውሃው ወደ 87 ሲወርድ ያጠፋል። ከዚህ ዝቅ ባለ ሙቀት የሚሠራም ስለሚገኝ፣ በበኩሌ ለደጋ ከተማ እርሱን እመርጣለሁ። ይህ ማብሪያ ማራገቢያውን በቀጥታ ቢያዝዝ ብዙውን ኤሌትሪክ ሊሸከም አይችልምና በቶሎ ይቃጠላል፤ ስለዚህ በመካከሉ ሪሌ ይገባል። ታናሹ ኃይል ከማብሪያው መጥቶ በሪሌው 85 እና 86 በተባሉት እግሮች ሲያልፍ፣ ታላቁ ኃይል ከባትሪው በ30 ቁጥር ገብቶ በ87 ቁጥር ወደ ማራገቢያው ይሄዳል። ማራገቢያው ሲዞር ከ10 እስከ 15 አምፔር ቢወስድም በሚነሣበት ቅጽበት ከዚያ እጅግ የበለጠ ስለሚስብ፣ ሽቦው ወፈር ያለ፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ያህል ቢሆን መልካም ነው፤ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ መሆን አለበት። ፊውዝ ሳይገባ በመብራት ሽቦ ላይ ተቀጥሎ የተሠራ ማራገቢያ መኪና እስከ ማቃጠል ሊደርስ የሚችል ነገር ነውና፣ ባለመኪናው ቆሞ ሽቦው የሚያልፍበትን መንገድ በዓይኑ ይመልከት።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚያቃልለው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው ክፍል ነው፤ ይኸውም የማራገቢያው አቀማመጥ። ከራዲያተሩ በስተኋላ፣ ማለት በሞተሩ በኩል ተቀምጦ ነፋሱን የሚስብ ማራገቢያ፣ በፊት ቆሞ ከሚገፋው ይሻላል፤ በፊት የቆመው መኪናው ሲሮጥ የመንገዱን ነፋስ ይጋርዳልና። በዙሪያውም ራዲያተሩን በሙሉ የሚሸፍን የቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ ከለላ ያስፈልገዋል፤ ከለላ ከሌለው ነፋስን የሚስበው ከፊት ለፊቱ ካለው ክብ ቦታ ብቻ ስለሆነ የራዲያተሩ ማዕዘኖች ሥራ ፈት ይሆናሉ። በፕላስቲክ ማሰሪያ በራዲያተሩ ቱቦዎች መካከል አሳልፎ መስፋት ግን ክፉ ልማድ ነው፤ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቍጥር ማሰሪያው ቱቦውን እየሞረደ ይበሳዋል። ሥራው ሲፈጸም አንድ የደብተር ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት መያዝ ይበቃል፤ ማራገቢያው ሲነሣ ወረቀቱ ወደ ራዲያተሩ ተስቦ ከተጣበቀ አዟዟሩ ትክክል ነው፤ ከተገፋ ግን ሁለቱ ሽቦዎች ተለዋውጠዋል ማለት ነውና ይቀያየሩ።

የዲናሞውንም አቅም አስቀድሞ መመዘን ያሻል። የመጀመሪያዪቱ ላዳ ዲናሞ በሙሉ ኃይሉ 42 አምፔር ይሰጣል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። በሐምሌ ምሽት፣ ዝናብ ሲወርድ፣ የፊት መብራት በርቶ፣ የመስተዋት መጥረጊያው እየሠራ መኪናው መጨናነቅ ውስጥ ከቆመ፣ በዚያ ላይ ማራገቢያው ሲነሣ ጕድለቱን የሚከፍለው ባትሪው ነው። መብራቱ ማራገቢያው በተነሣ ቍጥር አብዝቶ የሚደበዝዝ ከሆነ የበለጠ ኃይል ያለው ዲናሞ መግዛት ይገባል። እንዲሁም ሽቦው በቁልፉ በኩል ካላለፈ ማራገቢያው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሊነሣ ስለሚችል፣ ኮፈን ከፍቶ እጅን ወደዚያ መስደድ አደገኛ መሆኑን ረዳቱም ሆነ ቤተ ሰቡ ሊያውቅ ይገባል።

የሚገኘውን ጥቅም አጋንኖ መናገር አልፈልግም። ጩኸቱ ይቀንሳል፤ በጧት ብርድ ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል፤ በረጅም መንገድ የሚባክነው ኃይል ይተርፋል፤ የቤንዚኑ ቍጠባ ግን መጠነኛ ነው። ዋነኛው ትርፍ መኪናው በቆመበት ጊዜ ነፋስ ማግኘቱ ነው። ዳሩ ግን ከቧንቧ ሲሞላበት በኖረው ውሃ ኖራ የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይከፈት ቴርሞስታት፣ ወይም የተበላ የውሃ ፓምፕ ያለበትን መኪና የኤሌትሪክ ማራገቢያ አያድነውም፤ ሕመሙን ለጥቂት ቀን ይሸፍነዋል እንጂ። ስለዚህ ባለመኪናው አስቀድሞ ራዲያተሩን ያስጠርግ፣ ክዳኑን ይለውጥ፣ በውሃውም ላይ ዝገት የሚከለክለውን ፈሳሽ ይጨምር፤ ማራገቢያውን ከዚያ በኋላ ያስገባ። ቺንጋው ፓምፑንና ዲናሞውን ስለሚያዞር በቦታው ይቀራል፤ የሚወልቀው አሮጌው ማራገቢያ ብቻ ነው፤ እርሱንም ከነብሎኖቹ በመኪናው ሻንጣ ውስጥ ማስቀመጥ ይገባል፤ ኤሌትሪኩ ከከተማ ርቆ ቢበላሽ በጥቂት መፍቻ መልሶ አስሮ ወደ ቤት መግባት ይቻላልና።