ለአሮጌ ሞተር ሳይክል የሚመች መሪ ስለ መምረጥ

የሞተር ሳይክል መለዋወጫ የሚያስመጡና የሚሸጡ ነጋዴዎች ከሚጠየቋቸው ዕቃዎች አንዱ መሪ ነው። መሪ የሚባለው ነጂው በሁለት እጁ ጨብጦ የፊቱን ጎማ የሚያዞርበት የታጠፈ ቧንቧ ሲሆን፣ የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ መጨበጫ፣ የቤንዚን መስጫውና የመብራት ማብሪያው ሁሉ በእርሱ ላይ ይታሰራሉ። ዕድሜው የገፋ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው «ወገቤን አመመኝ» ወይም «እጄ ይደነዝዛል» ብሎ ሌላ መሪ ሲጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሸጥለት ከግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መካከል ዓይኑን የሳበው ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ዕቃው ተቧጭሮ ይመለሳል፤ ገዢው ይቆጣል፤ ባለሱቁም የተቧጨረውን ዕቃ ለሌላ ሰው መሸጥ ይሳነዋል። ከዚህ የከፋ ነገርም አለ። የቤንዚን መስጫው ካቦ ያጠረበት ሞተር ሳይክል ነጂው መሪውን ባዞረ ጊዜ በራሱ ፍጥነት ሊጨምር ይችላል። ይህም በገንዘብ የሚተመን ጉዳት አይደለም።

ስለዚህ ነጋዴው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ዋና ነገር፣ የሚመች መሪ በመልኩ ሳይሆን በልኩ የሚመረጥ መሆኑን፣ ደግሞም ብቻውን የሚሸጥ ዕቃ አለመሆኑን ነው።

የመሪው ቅርጽና የነጂው አቀማመጥ

የነጂው ሰውነት ከሞተር ሳይክሉ ጋር የሚገናኘው በሦስት ስፍራ ነው፤ ይኸውም በኮርቻው፣ በእግር ማሳረፊያውና በመሪው ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢለወጥ ክብደቱ በሌሎቹ ላይ ይከፋፈላል።

መሪው ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ነጂው ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ የላይኛው ሰውነቱ ክብደትም በእጁ አንጓ ላይ ይወድቃል። በረጅምና በተስተካከለ መንገድ በፍጥነት የሚሄድ ሰው ግን የሚመጣው ነፋስ ደረቱን ስለሚደግፍለት ክብደቱ ይቃለላል። በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ይህ ድጋፍ የለምና ያው መሪ አንጓውንና አንገቱን ያደክመዋል።

መሪው በጣም ከፍ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ነጂው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ለገበያና ለሰፈር መንገድ ይህ ምቹ ነው። ነገር ግን ክብደቱ ሁሉ በወገቡ መጨረሻ ላይ ስለሚያርፍ፣ ጎርበጥባጣ መንገድ የሚያደርሰው መንገጫገጭ በቀጥታ ወደ አከርካሪው ይወጣል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሄድም ነፋሱ ደረቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ እንዳይወድቅ በእጆቹ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ትከሻውም ይዝላል።

ስፋቱም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ሰፊ መሪ እንደ ረጅም መፈንቅል ስለሚሠራ ከባድ ሞተር ሳይክልን በቀላሉ ለማዞር ይረዳል፤ ነገር ግን ክንድን ይዘረጋል፤ በመኪናዎች መካከል ለማለፍም ያስቸግራል። ጠባቡ ለማለፍ ይቀላል፤ ለማዞር ግን የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ለሁሉ የሚመች አንድ መሪ አለመኖሩን ነው። ባለሱቁ ገዢውን አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር «የትኛውን ወደድህ?» ሳይሆን «የት ትነዳለህ? በቀን ስንት ሰዓት ትቀመጥበታለህ? የሚያምህ የቱ ጋ ነው?» የሚለው ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ መሪ

በስም ብቻ ዕቃ ማዘዝ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለመረዳት ትራያምፍ ቦንቪል የተባለው የእንግሊዝ አገር ሞተር ሳይክል ጥሩ ምሳሌ ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ሞተር ሳይክል ከ1959 ዓ.ም. ሞዴል ጀምሮ፣ ፋብሪካው እስከ ተዘጋበት እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ሜሪደን በምትባል መንደር ይሠራ ነበር።

ፋብሪካው በእንግሊዝ አገር ለሚሸጠው ሞተር ሳይክል ዝቅ ያለ መሪና ትልቅ የቤንዚን ታንክ ሲያደርግለት፣ ወደ አሜሪካ ለሚላከው ደግሞ ከፍና ሰፋ ያለ መሪ ከአነስተኛ ታንክ ጋር ያደርግለት ነበር። ስለዚህ ስሙና ዓመቱ አንድ ቢሆንም የካቦዎቹ ርዝመት አንድ አይደለም። የእንግሊዙን ዝቅ ያለ መሪ አውልቆ የአሜሪካኑን የሚተካ ሰው፣ የአሜሪካኑን ረጅም ካቦም መግዛት ይኖርበታል። ከዚህም በላይ ከ1973 ዓ.ም. ሞዴል ጀምሮ የፊቱ ፍሬን በካቦ ከሚሠራው ከታምቡር ወደ ዲስክ ተለውጧል፤ ዲስኩ ደግሞ በካቦ ፈንታ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቱቦ ይፈልጋል። ቦንቪል የሚለው ስም በ2001 ዓ.ም. ሒንክሊ በተባለች ከተማ በተቋቋመው አዲስ ፋብሪካ ሥራ ላይ እንደ ገና ወጣ፤ ይህ ግን ፈጽሞ ሌላ ሞተር ሳይክል ነው። እንግዲህ «የቦንቪል መሪ ይላክልኝ» ብሎ የሚጽፍ አስመጪ፣ የትኛው እንደሚደርሰው የሚያውቀው ሣጥኑ ሲከፈት ነው።

አምስቱ ልኮች

በትእዛዝ ደብዳቤም ሆነ በሱቅ ውስጥ መሪ በአምስት ልክ ይታወቃል።

አንደኛ፤ የቧንቧው ውፍረት። አብዛኞቹ የጃፓን ሞተር ሳይክሎችና ብዙዎቹ የእንግሊዝ ሥራዎች 22.2 ሚሊሜትር፣ ማለት 7/8 ኢንች ውፍረት ያለው መሪ ይይዛሉ። ሐርሊ ዴቪድሰንና አንዳንድ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች 25.4 ሚሊሜትር፣ ማለት 1 ኢንች ነው። በዛሬው ጊዜ በብዛት የሚሸጥ ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ እርሱም በመካከሉ 28.6 ሚሊሜትር ሆኖ ወደ ጫፉ ሲደርስ ወደ 22.2 የሚቀጥን ነው። ስለዚህ ውፍረቱ በማሰሪያው ቦታና በእጀታው ቦታ ሁለት ጊዜ በካሊፐር መለካት አለበት።

ሁለተኛ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ስፋት።

ሦስተኛ፤ ከፍታው፤ ማለት ከማሰሪያው እስከ እጀታው ምን ያህል ከፍ እንደሚል።

አራተኛ፤ ወደ ኋላ መመለሱ፤ ማለት ጫፎቹ ወደ ነጂው ምን ያህል እንደሚቀርቡ። ክንዱ አጭር ለሆነ ሰው ከከፍታው ይልቅ ይህ ልክ ይጠቅመዋል።

አምስተኛ፤ ቀጥ ያሉት ክፍሎች ርዝመት። የመካከሉ ቀጥተኛ ክፍል በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል ካለው ርቀት ካነሰ መሪው በማሰሪያው ውስጥ በሚገባ አይቀመጥም። የጫፎቹ ቀጥተኛ ክፍል ካጠረ ደግሞ እጀታው፣ መጨበጫውና ማብሪያው አብረው አይገቡም።

ለነጂው የሚስማማውን ከፍታና ርቀት ለማግኘት የሚያስቸግር መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከተደረገ በኋላ ነጂው በኮርቻው ተቀምጦ፣ እግሩን በማሳረፊያው አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እጆቹን ወደ ፊት ይዘርጋ። ትከሻው ሳይነሣ፣ ክርኑ ጥቂት ታጥፎ፣ ጀርባውም ሳይጎብጥ እጁ በራሱ የሚያርፍበት ቦታ ትክክለኛው ቦታ ነው። ሌላ ሰው የመጥረጊያ እንጨት ቢያስጨብጠውና ከማሰሪያው ጀምሮ ያለውን ርቀት በሜትር ቢለካ፣ የሚፈለገው ልክ ይገኛል። ከአሮጌው መሪ ጋር ሲወዳደር የ2 ወይም የ3 ሴንቲሜትር ልዩነት እንኳ ለነጂው ጉልህ ሆኖ ይሰማዋል።

ሕመሙ ከመሪው ካልሆነ

ታማኝ ነጋዴ ከመሸጡ በፊት ያለ ገንዘብ የሚገኘውን መድኃኒት ይናገራል። የማሰሪያውን ብሎኖች አላልቶ አሮጌውን መሪ ጥቂት ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ማዞር ብዙ ጊዜ ይበቃል። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ መጨበጫም ጣቶቹ ሲዘረጉ እጅ፣ አንጓና ክንድ በአንድ መስመር እንዲሆኑ ተደርጎ መስተካከል አለበት። አንጓው ዘወትር ታጥፎ የሚሠራ እንደ ሆነ ወደ ጣቶች የሚያልፈው ነርቭ ይጫናል፤ ጣቶቹም ይደነዝዛሉ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የንዝረት ነው። በሜሪደን የተሠራው ቦንቪል ሁለቱ ፒስተኖች አብረው የሚወጡና አብረው የሚወርዱ ስለ ሆነ ንዝረቱ ብርቱ ነው። እንዲህ ላለው ሞተር ሳይክል በመሪው ጫፎች ላይ ክብደት ያለው ብረት መጨመርና ወፈር ያለ የጎማ እጀታ ማግባት ከአዲስ መሪ ይልቅ ሊረዳ ይችላል። ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ላልተው እንደ ሆነም መመርመር ይገባል።

ሞተር ሳይክሉ ወድቆ የሚያውቅ ከሆነ መሪው ተጣምሞ ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ጫፎች ርቀት ከኮርቻው እኩል ካልሆነ ነጂው ሳይታወቀው ጠማማ ሆኖ ይቀመጣል፤ ወገቡንም ያመዋል። የተጣመመ መሪ በመዶሻና በእሳት ተቃንቶ መልሶ ሊሸጥ አይገባም። የታጠፈ ብረት ሲቃና በታጠፈበት ይደክማል፤ አሉሚኒየም የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ምልክት ሳያሳይ ሊሰበር ይችላል።

ከመሪው ጋር የሚለወጡ ዕቃዎች

መሪው ከፍ ሲል የቤንዚን መስጫው፣ የፍሪሲዮኑና የፊቱ ፍሬን ካቦዎች፣ እንዲሁም የመብራቱ ሽቦ ይረዝማሉ። ለውጡ ጥቂት ከሆነ ካቦውን በሌላ መንገድ ማሳለፍ ሊበቃ ይችላል፤ ካልሆነ ግን ረጅም ካቦ መግዛት ግዴታ ነው። ዝቅ ሲል ደግሞ አሮጌው ካቦ ይተርፍና ይታጠፋል፤ የታጠፈ ካቦም ይከብዳል፤ ቶሎም ይበጠሳል። በዲስክ ፍሬን ጊዜ የዘይቱ ማጠራቀሚያ ዘንበል ብሎ አየር እንዳያስገባ መስተካከል አለበት፤ ቱቦው ከተለወጠም አየሩ በሚገባ መውጣት ይኖርበታል።

22.2 ሚሊሜትር መሪን በ25.4 ሚሊሜትር ማሰሪያ ለማስገባት ለዚሁ የተሠራ ቀለበት ይገኛል። በእርሱ ፈንታ ከቆርቆሮ ተቆርጦ የሚጠቀለል ነገር መጠቀም ግን የነጂውን ሕይወት ለቆርቆሮ አደራ መስጠት ነው።

ከተገጠመ በኋላ የሚደረግ ምርመራ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በችኮላ የታሰረ መሪ በመንገድ ላይ ይላላል። ብሎኖቹ በየተራ እኩል መጥበቅ አለባቸው። ከዚያም መሪው ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ሲዞር እጀታውም ሆነ መጨበጫው ታንኩን መንካት፣ የነጂውንም ጣት ከታንኩ ጋር ማጣበቅ አይገባውም። በመጨረሻም ሞተሩ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ሲሠራ መሪው ወደ ሁለቱም ወገን ይዙር። የሞተሩ ድምፅ ከጨመረ የቤንዚን መስጫው ካቦ አጥሯል ማለት ነውና ሞተር ሳይክሉ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ።

ለአስመጪውና ለባለሱቁ

በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ የሞተር ሳይክሉ ስምና የተሠራበት ዓመት፣ የተሠራለት አገር፣ የፊቱ ፍሬን ዓይነት፣ የመሪው አምስት ልኮች፣ ብረት ወይም አሉሚኒየም መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። በአዲስ አበባ ያለ አስመጪ የተሳሳተውን ዕቃ በጅቡቲ በኩል ለመመለስ የሚያወጣው ኪራይ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል፤ አንዲት መስመር ጨምሮ መጻፍ ግን ምንም አያስከፍልም። ክሮሙ እንዳይቧጨር እያንዳንዱ መሪ ለብቻው ተጠቅልሎ እንዲላክም ይጠየቅ።

ባለሱቁም መሪን ከሚስማሙት ካቦዎችና እጀታዎች ጋር አንድ አድርጎ ቢሸጥ፣ ልኩንም በወረቀት ጽፎ በዕቃው ላይ ቢያንጠለጥል፣ ገዢው ሁለተኛ ጊዜ ከመመላለስ ይድናል። በመደርደሪያው ላይ ሃያ ዓይነት መልክ ከሚደረድር ይልቅ ልካቸው የታወቀ አራትና አምስት ዓይነት ቢይዝ ገንዘቡ አይታሰርበትም። ለክቶ የሚሸጥ ሰው የሚመለስበት ዕቃ ጥቂት ነው፤ የሚመለስለት ደንበኛ ግን ብዙ ነው።