ከደብሊን እስከ ሜልቦርን

የወንድሜ ልጅ የዓይን ሐኪም ነው። ባለፈው ወር እነሱ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ ወደ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ለመሄድ ማሰቡን ነገረን። እናቱ ስኒዋን አስቀምጣ ዝም አለች። እኔ ምክር ሲጠፋኝ ማንበብ ይቀናኛል። ከእሱ በፊት ወደዚያች ከተማ የተሰደደ የዓይን ሐኪም ስፈልግ አንድሩ ሴክስተን ግሬይን አገኘሁ።

ግሬይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1826 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው ነው) በአየርላንድ፣ ሊምሪክ ተወለደ። ደብሊን ውስጥ በሰር ዊሊያም ዋይልድ ሥር ሠራ። ዋይልድ ዛሬ የሚነሳው የደራሲው የኦስካር ዋይልድ አባት ተብሎ ነው፤ በዘመኑ ግን ስመ ጥር የዓይንና የጆሮ ሐኪም ነበር። ችግረኞችን ማከም የጀመረው የፈረስ ጋጣ በነበረች ቤት ውስጥ ሲሆን፣ በ1844 ቅዱስ ማርቆስ የተባለውን ሆስፒታል አቋቋመ።

ጊዜው ክፉ ነበር። በ1845 የአየርላንድ ድንች በበሽታ ተመታና በረሃቡ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ ያላነሰም ተሰደደ። ድሆች በታጨቁባቸው መጠለያዎች የዓይን በሽታ ተዛምቶ ብዙ ሕፃናት ታወሩ።

ግሬይ በ1859 ሜልቦርን ገባ። በ1851 ወርቅ ከተገኘ ወዲህ አካባቢው በሰው ተጥለቅልቋል። አቧራውና ዝንቡ አይጣል ነው፤ ትራኮማም ብዙዎችን ያሠቃያል። በ1863 ግሬይ የዓይንና የጆሮ ሕሙማንን የሚያክም ተቋም መሠረተ። ዓይንና ጆሮ በአንድ ጣሪያ ሥር መታከማቸው ያው የመምህሩ መንገድ ነው።

ያን ጊዜ የዓይን ሞራ ማውጣት ምን ይመስል እንደነበር ሳስብ ይዘገንነኛል። ክሎሮፎርም ቢኖርም ያስታውካል፤ በቢላ ለተነካ ዓይን ደግሞ ማስታወክ አደጋ ነው። በ1884 ካርል ኮለር የተባለ የቪየና ሐኪም ዓይንን ብቻ የሚያደነዝዝ ጠብታ አስተዋወቀ። ግሬይ ተቋሙን ከመሠረተ 21 ዓመት ሆኖት ነበር።

ግሬይ በ1907 አረፈ። የመሠረተው ተቋም ዛሬ ሮያል ቪክቶሪያን የዓይንና የጆሮ ሆስፒታል ይባላል። በ1978 ፕሮፌሰር ግሬም ክላርክ መስማት ለተሳነው ሰው በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ የመስሚያ መሣሪያ የተከሉት እዚያ ነው።

ባለፈው እሑድ ይህን ሁሉ ለወንድሜ ልጅ አጫወትኩት። እናቱ በመሀል ስለ አያቱ አነሳች። እማማ ከአንገታቸው ማተብ ጋር ወረንጦ ያንጠለጥሉ ነበር። ትራኮማ ሽፋሽፍታቸውን ወደ ውስጥ ስለቀለበሰው እየነቀሉ ነው የኖሩት፤ በኋላ ዓይናቸው ጠፋ። ዛሬም ከዓለም የትራኮማ ሸክም ትልቁ ያለው እኛው አገር ነው።

«ሐኪሙ በመሄዱ የተጠቀሙት ብዙ ናቸው» አልኩት። ሚዛኑን ወደ መሄድ ማድላቴ ለእኔም ታውቆኛል።

ልጁ ስኒውን እያሽከረከረ ቆየ። «አጎቴ፣ እሱ ሲሄድ ደብሊን ውስጥ ዋይልድ ነበረ። እኔ ብሄድ ለእነ እማማ ማንን ትቼ ነው የምሄደው?» አለኝ።

እናቱ ቶናውን ቀዳችልን። ቪዛውን እስካሁን አልጠየቀም።